ውሃው ሲተኛ

ይድረስ ለእናቴ ለወይዘሮ አትጠገብ፣ ወረኢሉ።

እማዬ፣ እንዴት ከረምሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ ዳገቱን ያስወጣሻል? ያ በብርድ የሚነሳብሽ ወገብሽስ ተሻለሽ? ዓይንሽስ? መርፌ ላይ ክር ራስሽ ታስገቢያለሽ ወይስ አሁንም መንገደኛውን ሁሉ ደጅ ላይ አስቁመሽ "እስቲ ይቺን" ትያለሽ? ላሚቱ ወለደች? በልጉስ ጣለላችሁ ወይስ ደመናው እንዳምናው አሳይቶ ነሳችሁ? እኔ፣ ባለቤቴ ምንያህልና ልጄ ሎዛ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና፣ ደህና ነን። የጎደልሽን አንቺ ብቻ ነሽ። ናፍቆትሽን ልጫነው ብል ከዚህ እስከ ነቀምቴ የሚመላለሰው አውቶቡስ ጣሪያው አይችለውም።

ታረቀኝ፣ ወንድምዓለም፣ አንተስ እንዴት ነህ? ይህን ለእማዬ ስታነብላት እንደ ዳዊት ደጋሚ አታጣድፈው። "ምን አለች?" ስትልህ ሳትነጫነጭ ተመልሰህ አንብብ። ስላንተ የጻፍኩት ቦታ ስትደርስም እንዳትዘል፤ አውቅሃለሁ።

እማዬ፣ ለጥምቀት የላክሽብኝ መልእክት ደርሶኛል። ታረቀኝ አንዲት ቃል ሳያለዝብ ነው የጻፈው፤ እጁን ምን ልበለው? "ሁለት ጊዜ እመጣለሁ ብለሽ ሁለት ጊዜ ቀረሽ። እናትሽን በብረት ለወጥሽ። እንግዲህ ብረቱ ይጡርሽ" ብለሻል። አነበብኩትና አለቀስኩ። ከዚያ ደግሞ "ብረቱ ይጡርሽ" የምትለዋ ትዝ ስትለኝ ብቻዬን ሳቅኩ። ምንያህል አየኝና እናትና ልጅ በደብዳቤም ሳትጣሉ አትውሉም አለኝ። መልስ ያዘገየሁት ተቀይሜ አይደለም። የምመልሰው ስላልነበረኝ ነው። "እመጣለሁ" ብዬ ሦስተኛ ጊዜ ከምዋሽሽ ዝም ብል ይሻላል ብዬ ነው። አሁን ግን መልስ አለኝ። ከመልሱ በፊት የሆነውን ሁሉ ልንገርሽ፤ ታረቀኝ ወደ መጨረሻው ገጽ እንዳይሮጥ ተቆጣጠሪው።

መጀመሪያ ያገሩን ወሬ። አሶሳ የክልል ዋና ከተማ ከሆነች ወዲህ መልኳ ተለውጧል። ያኔ በሰፈራ ስንመጣ ሣሩ ሰው ይውጥበት የነበረው ቦታ ዛሬ ቢሮ ተሠርቶበት ክራባት ያሰረ ሰው ይገባበታል፣ ይወጣበታል። ከጎጃም የመጣ መምህር፣ ከወለጋ የመጣ ነርስ፣ ከሸዋ የመጣ ጸሐፊ፣ ሁሉም የሚከራየው ቤት ይፈልጋል። ስብሰባ ሲጠራ አንዱ በበርታኛ ይናገራል፣ ሌላው በአማርኛ ይመልሳል፣ ሽማግሌው በዓረብኛ ይመርቃል፤ ሰዓት ይፈጃል እንጂ መግባባቱንስ እንግባባለን። የኛዋ ሎዛ በርታኛውን ጠጥታዋለች። ገበያ ይዣት ስሄድ ከሻጮቹ ጋር እየተሳሳቀች ታወራለች፤ እኔን እያማች ይሁን ለእኔ እየተከራከረች የማውቀው ነገር የለም። ማንጎው ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ይዟል። ምንያህል ማሳውን መንጥሮ ዝናብ ይጠብቃል፤ እስከዚያው ሥራው እኔን መተረብ ነው።

አሁን ወደ ብረቱ። ስለ ፓምፑ ስጽፍልሽ ኖሬያለሁ እንጂ በወጉ አስረድቼሽ አላውቅም። አንቺ ምንጭ ዳር ተወልደሽ ምንጭ ዳር የኖርሽ ሰው ነሽና ልጄ ለምን ከአንድ ቱቦ ጋር ትታሰራለች ብትይ አይፈረድብሽም። እዚህ ግን በበጋ ወንዙ ይደርቃል። አሸዋውን እየጫርን፣ ከብቱ ከጠጣበት እኛም እየቀዳን ስንት ዓመት ኖርን። ሎዛን ሁለት ጊዜ ሞት ደጃፍ ያደረሳት ያ ውሃ ነው። ሁለተኛውን ደብቄሽ ነበር፤ አሁን እየዘለለች ስለሆነ ብነግርሽም አይከፋም። ክልሉ እንደተቋቋመ የውሃ ሠራተኞች መጡና በኛ አምባና ከወንዙ ማዶ ባለው የበርታዎች መንደር መካከል ጉድጓድ ቆፍረው የእጅ ፓምፕ ተከሉልን። የመጀመሪያው ውሃ ዱብ ሲል ሴቱ ሁሉ እልል አለ፤ እኔ ሎዛን አቅፌ ተንሰቀሰቅሁ።

ፓምፑን የተከለው ገቢሳ የሚባል የጊምቢ ሰው ነው። ሊሄድ ሲል ሁለቱንም መንደር ሰብስቦ አስጠነቀቀን። የጉድጓዱ ውሃ ብዙ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ከጎተታችሁት ይጎድልና አሸዋ ይስባል፣ አሸዋው የውስጡን ጎማ ይበላዋል፣ ጎማው ካለቀ ደግሞ ይሄ ብረት የዶሮ መስፈሪያ ነው አለን። በየቀኑ ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አሳርፉት፣ ውሃው ራሱ ተመልሶ ይሞላል ብሎ መከረን። ሁላችንም "እሺ" አልን። እሺታችንን ሰምቶ በመኪናው ሄደ።

ኮሚቴ ተመረጠ። ሊቀመንበርነቱን፣ ምክትልነቱን፣ ጸሐፊነቱን ወንዶቹ ተሻሙት። ቁልፉን ማን ይያዝ ሲባል ግን ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ። ቁልፍ ያዥ ማለት ወፍ ሳይንጫጫ ተነስቶ የሚከፍት፣ ቀትር ላይ ደግሞ ዘግቶ የሚሰደብ ሰው ነው። እኔ ሎዛን አየኋትና እጄን ዘረጋሁ። የሾመኝ የለም፣ ያጨበጨበልኝም የለም። አንዱ ብቻ ከኋላ ሆኖ ይቺ ሴት በሳምንቷ ትሰለቻለች ሲል ሰማሁ። አንቺ እዚያ ብትኖሪ ለሰውየው ታዝኚለት ነበር። "ይቺ ልጅ አንዴ ከያዘች በመጋዝ ካልሆነ አትለቅም" ትይኝ የለ?

የመጀመሪያዎቹን ወራት ምኑን ልንገርሽ! የትምህርት ቤቱ ደወል ስድስት ሰዓት ሲል የአጥሩን በር በጓጉንቸር እዘጋለሁ። ስዘጋ ጩኸቱ ይጀምራል። የማዶዎቹ፣ ከወሎ ድረስ መጥተሽ ያገራችንን ውሃ ትቆልፊብናለሽ ወይ ይሉኛል። የኛዎቹ ደግሞ፣ የገዛ ወገንሽን ከማዶ ሰው እኩል ታቆሚያለሽ ወይ ይሉኛል። እኔን በመጥላት ሁለቱ መንደሮች ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ። ጓጉንቸሩን በድንጋይ ሰበሩት። በጠፍር አሰርኩት። ጠፍሩን ቆረጡት። ከዚያ ወዲያ እንዝርቴንና ጥጤን ይዤ መጣሁና በሩ ላይ ቁጭ ብዬ መፍተል ጀመርኩ። አልተሳደብኩም፣ አልለመንኩም። የጠየቀኝን ሁሉ "ዘጠኝ ሰዓት ይከፈታል" እላለሁ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እከፍታለሁ። በማግስቱም እዚያው ነኝ። ሲዘንብ ኬሻ ተከናንቤ፣ ሲያቃጥል ነጠላዬን ራሴ ላይ ጥዬ። ምንያህል፣ ውሃ ቢወቅጡት ያው እምቦጭ ነው፣ ምን ትደክሚያለሽ አለኝ። እኔ የማስተኛው እንጂ የምወቅጠው አይደለሁም አልኩት። ይቺን ቃል እሱ ሊሳለቅብኝ ጠላ ቤት ወስዶ አወራት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አገሩ ሁሉ ፓምፑ ሲዘጋ "ውሃው ተኝቷል" ይላል።

አንድ ቀን ታዲያ የምንያህል እንግዶች ከባምባሲ በቀትር መጡ። ቤት ያለው ውሃ እንዳጋጣሚ አልቋል። ምንያህል እየተጣደፈ መጣና ለዛሬ ብቻ፣ ለአንድ ጀሪካን ብቻ፣ ከሰው ፊት አታዋርጂኝ አለኝ። ሴቶቹ ሁሉ እንስራቸውን አስቀምጠው ዓይን ዓይኔን ያያሉ። እማዬ፣ ባሌን እወደዋለሁ፣ እንግዳም ክቡር ነው። እጄ ወደ ቁልፉ ሄዶ ነበር። ግን ያን ቀን ብከፍት በነጋታው ለሌላዋ ምን እላታለሁ? ዘጠኝ ሰዓት ይከፈታል አልኩት። እንግዶቹ እርጎ ጠጥተው ሄዱ፤ ምንያህል ሰሞኑን በሙሉ "ወይዘሮ ዘጠኝ ሰዓት" እያለ ነው የጠራኝ። ታረቀኝ፣ እባክህ ይህን ስም እዚያ አታስለምድብኝ። ከዚያ በኋላ ግን ጓጉንቸሩን የሰበረ የለም። "ለባሏ ያልከፈተች ለኛ ትከፍታለች ወይ?" ተባባሉና ጩኸቱ ቀስ በቀስ በረደ። ለካ ሰው የሚጠላው መከልከሉን ሳይሆን ለአንዱ ተከፍቶ ለሌላው መዘጋቱን ኖሯል።

ጎበዝ ነኝ ብዬ እንዳልኮራ ደግሞ እግዜር ኸድራን ላከልኝ። ኸድራ የማዶ መንደር በርታ ናት፤ ሳቋ ከወንዙ ወዲህ ይሰማል። በጋው ሲጠና ሰልፉ ረዘመና እኔ ሕግ አወጣሁ፦ በአንድ ተራ አንድ ዕቃ። ለኛ ለወሎዎቹ ልክ ነው፤ እንስራችንን በጀርባችን አዝለን እንሄዳለን። የበርታ ሴቶች ግን ትከሻቸው ላይ እንጨት ያጋድማሉ፣ በእንጨቱ በወዲህና በወዲያ ጫፍ ቅል ይንጠለጠላል፤ ሁለቱ ካልተመዛዘኑ አይሄድም። ይህን ስንት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሳይ ኖሬ ሕጉን ሳወጣ ትዝ አላለኝም! የኸድራ ተራ ደረሰ። አንዱን ቅል ሞላች፣ በአንዱ ጫፍ አንጠለጠለች፣ ከመሬት ድንጋይ አነሳች፣ በሌላው ጫፍ አስራ እየተውረገረገች ሄደች። በማግስቱ የማዶ ሴት ሁሉ ድንጋይ ይዞ መጣ። በአንድ በኩል ውሃ፣ በአንድ በኩል ድንጋይ፣ መስመር ሠርተው ሲሄዱ ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ኸድራ አጠገቤ ስትደርስ በዚያች ወንድና ሴት በማትለይ አማርኛዋ፣ "ሸዋሉል፣ እኔ ድንጋይ ቤት ወሰድኩ። ልጆቼ ግን ድንጋይ አይጠጣም" አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በነጋታው በሩን ከመክፈቴ በፊት ሁሉንም ጠራሁ። ተሳስቻለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ ተራ የሚቆጠረው በዕቃ ሳይሆን በሸክም ነው አልኩ፤ አንድ ጀርባ ወይም አንድ ትከሻ ከነሁለት ጫፉ። የኛዎቹ ሊያጉረመርሙ ሲሉ የኸድራን ሁለት ቅል ውሃ ወስጄ እፊታቸው እንስራ ውስጥ ገለበጥኩት። እንስራው አልሞላም። ከዚያ ወዲያ ያጉረመረመ የለም። ኸድራም ቀትር ቀትር አጠገቤ እየተቀመጠች ጥጥ መፍተል ለመደች። ታዲያ አፏ ከእንዝርቷ ይፈጥናል፤ የሁለቱን መንደር ሐሜት የምሰማው ከሷ ነው።

እንዲህ እያለ ነገሩ ሳላውቀው ተለወጠ። የትምህርት ቤቱ ደወል መቺ ቀርቶ እንደሆነ ከጎጃም የመጣው መምህር አንገቱን አስግጎ ያየኝና፣ ውሃው ተኝቷል፣ ምሳ ሂዱ ይላል። እኔ የምዘጋው በደወሉ ነበር፤ አሁን ደወሉ በእኔ ይደወላል! አንድ ቀን የኛ ሰፈር ሰው በሬ የማዶ ሰው ማሽላ ውስጥ ገብቶ ተጣሉ። ዱላ ሊማዘዙ ሲሉ አንደኛው ሸዋሉል ትይልን አለ። እኔ ምን አውቃለሁ? ሄጄ አየሁ፣ የተበላውን በእርምጃ ለካን፣ ያልኳቸውን ተቀበሉ። ከዚያ ወዲህ ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ ድንበር ሲነካ፣ እኔ ጋ ይመጣሉ። የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ኡመር ራሱ ስብሰባ ከመጥራቱ በፊት ሰዎቹ ይመጡ እንደሆነ እኔን ይጠይቀኛል። ከሴቶች መጨረሻ የምናገር ሴት ሽማግሌ ሆንኩልሽ! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ትይ ነበር። እኔ ቁጭ ብዬ ነው የታጠቅኩት። የተለየ ነገር አላደረግኩም፤ ያልኩትን በማግስቱም አልኩት፣ በዓመቱም አልኩት።

አሁን አንቺን ወደሚያበሳጭሽ ነገር ደረስኩ። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት። ይህ ፓምፕ አንድ ነው፣ እኔም ያለ እኔ አይሆንም ብዬ አምኜ ነበር። የመጀመሪያውን ጊዜ ስቀር ጎማው ተበላሽቶ ገቢሳን ስጠብቅ ነው። ሁለተኛውን ጊዜ ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ ምንም አልተበላሸም። አሶሳ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሄጃለሁ። ሻንጣዬ ጣሪያ ላይ ከተጫነ በኋላ ልቤ ፈራ። እኔ ዞር ስል ይከፍቱታል፣ አሸዋ ይስባል፣ ስመለስ ዶሮ ሰፍሮበት አገኘዋለሁ፣ ሎዛም ወደዚያ አሸዋ ትመለሳለች አልኩና ሻንጣዬን አስወረድኩ። የአውቶቡሱ ረዳት የሰደበኝን ስድብ በጾም አልጽፍልሽም። ያን ቀን መንገዱን ሙሉ አንቺን እያሰብኩ እያለቀስኩ ተመለስኩ። በሩ ላይ ግን በሰዓቱ ደረስኩ።

እንግዲህ ባለፈው ሰሞን ወባ ጣለችኝ። አትደንግጪ፣ አሁን ድኛለሁ፤ ክኒኑን ጨርሻለሁ፣ እንደ ድሮዬ እበላለሁ። ያኔ ግን ብርዱና ትኩሳቱ እየተፈራረቀ አልጋ ላይ አንዘፈዘፈኝ። ስንት ቀን እንደተኛሁ አላውቅም። ቁልፉ የት እንዳለ እንኳ አላውቅም። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ስነቃ የከባድ መኪና ድምፅ ሰማሁ፤ ድምፁ የሚመጣው ከፓምፑ በኩል ነው። ወዲያው ገባኝ። ከተማ ውስጥ የሚገነቡት ሥራ ተቋራጮች በበጋ ውሃ ሲያጡ በርሜል በመኪና ጭነው በየመንደሩ እንደሚዞሩ ሰምቼ ነበር። በቀትር፣ በዚህ ደረቅ ወር፣ ያን ሁሉ በርሜል ቢሞሉ ጉድጓዱ አበቃለት። ቤት ማንም የለም። የምንያህልን ከዘራ ይዤ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ተደግፌ ወጣሁ። ይኸው ከሁለት ዓመት በላይ የለፋሁበት ዛሬ አለቀ እያልኩ፣ እንደምንም ማንጎው ዛፍ ሥር ደረስኩና ግንዱን አቅፌ ቆምኩ።

በሩ ተዘግቷል! ጓጉንቸሩ በቦታው ነው። ሴቶቹ ዕቃቸውን በሰልፍ ደርድረው ጥላ ውስጥ ተቀምጠዋል። ኸድራ ቁልፉን በክር አንገቷ ላይ አስራ፣ እኔ ከምቀመጥባት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ለካ ምንያህል፣ ያ "ውሃ ቢወቅጡት" የሚለው ሰውዬ፣ በታመምኩ ማግስት ቁልፉን እሱ ራሱ ወስዶ ሰጥቷት ኖሯል። ሹፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ወረቀት ያውለበልባል። ከቢሮ የተጻፈልኝ ነው፣ የመንግሥት ግንባታ ነው፣ ክፈቱ ይላል። አቶ ኡመርን ጠርተውት ቆሟል። እኔ በልቤ አሁን ይፈራል፣ አሁን ክፈቱለት ይላል አልኩ። አቶ ኡመር ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበው፣ አጥፎ መለሰለት። "ወረቀትህ ጥሩ ነው። ውሃው ግን ማንበብ አይችልም። አሁን ተኝቷል፣ ሲነሳ ተራ ያዝ" አለው። ሴቱ ሁሉ ሳቀ። ሹፌሩ ተናደደና የዚህ ነገር ኃላፊ ማነው፣ ጥሩልኝ አለ። ታማለች አሉት። ኃላፊዋ ከሌለች ታዲያ ማን ነው የሚከለክለኝ ሲል፣ ኸድራ እንዝርቷን ሳታቆም "ኃላፊ የለም። ሰዓት ግን አለ" አለችው።

እማዬ፣ ያንን ስሰማ የተሰማኝን እንዴት ልጻፍልሽ? አልተጠራሁም፣ አልታየሁም፣ ስሜንም ያነሳ የለም። እኔ ያልኩትን ያለ እኔ አሉት። ሹፌሩ ጥቂት ተቆጣ፣ ጥቂት ለመነ፣ ተራ በሸክም እንደሆነና በርሜሉን በጀርባው ማዘል እንዳለበት ሲነግሩት ደግሞ እሱም ሳቀና ራቅ ብሎ ወዳለው፣ በጋ ወደማይደርቀው ትልቅ ወንዝ ነዳው። ያኔ ከዛፉ ሥር ወጣሁ። ሲያዩኝ "ውይ! ሸዋሉል!" ብለው ተነሱ። ጉሮሮዬ በትኩሳት ደርቆ ነበርና ኸድራን፣ እስቲ አንዴ ክፈችና አንድ ጉንጭ አጠጪኝ አልኳት። (ጾም መሆኑን አውቃለሁ፤ የንስሐ አባቴ ለታመመ ጾም የለውም ብለውኛልና እዚህ ላይ ፊትሽን አታጥቁሪብኝ።) ኸድራ ቁልፉን በእጇ ሸፈነች። "ወላሂ አልከፍትም! ላንተ ከከፈትኩ ነገ እኔን ማን ይሰማል?" አለችኝ። በገዛ ሕጌ ተዘጋብኝ! ሰው ሁሉ ሲስቅ እኔም ስቄ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። እሷ ግን ተነስታ ጠዋት ለቤቷ የቀዳችውን ቅል አመጣች፣ ራሴን በክንዷ ደግፋ፣ ለልጆቿ ካስቀመጠችው ውሃ እስኪበቃኝ አጠጣችኝ። እሱን ስጠጣ አለቀስኩ። ኸድራም እሱ እንባ ጨው ነው፣ ውሃውን አታበላሽ አለችኝ።

በማግስቱ ምንያህል አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠና አሁንስ ምን ቀረሽ፣ ሂጂ እናትሽን እይ አለኝ። ያንን ቃል ከአፉ ስሰማ ትኩሳቱ እሱን የያዘው መስሎኝ ግንባሩን ዳሰስኩ። ኸድራንም ጠየቅኳት። ቁልፉን እስክመለስ ትይዥልኛለሽ ወይ አልኳት። "ሂድ። ፓምፕ ሌላ ይመጣል፣ እናት አንድ ነው" አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ፣ ግን ተመለስ፣ እኔ ከወንዶቹ ጋር ስብሰባ መቀመጥ አልችልም፣ እንቅልፌ ይመጣል አለችኝ።

ስለዚህ እማዬ፣ መልሴ ይኸውልሽ፦ ለፋሲካ እመጣለሁ። ሻንጣው ጣሪያ ላይ ከወጣ በኋላ የሚያወርደው የለም፤ ምንያህል ራሱ አውቶቡሱ እስኪነሳ ቆሜ እጠብቃለሁ ብሏል። ሎዛን ይዣት እመጣለሁ። እሷን በስም ብቻ ነው የምታውቂያት፤ ስታያት ቁርጥ አንቺን ናት፣ ስትቆጣ ደግሞ ይብሳል። ይህን ደብዳቤ የሚያደርሰው አዲስ አበባ የሚሄድ መምህር ነው። መምህር መንገድ ላይ ወዳጅ ይበዛበታልና ምናልባት እኔ ቀድሜው እደርስ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ታረቀኝ እፊቴ ያነበዋል፤ ሲዘልል እይዘዋለሁ።

ለመኖር ትመጣለች ብለሽ ግን ጎረቤት እንዳትጠሪ። ፋሲካን ውዬ፣ ዳግማይ ትንሣኤን ካንቺ ጋር ውዬ፣ ዝናብ መንገዱን ሳይዘጋው እመለሳለሁ። ቤቴ እዚህ ነው፤ ይህን የምልሽ ደረቴን ነፍቼ እንጂ ተደብቄ አይደለም። አንቺም ብትችይ አንድ በጋ መጥተሽ ብታዪው እንዴት ደስ ባለኝ። ኸድራ እናትህን አምጣ፣ መፍተል ከሷ እማራለሁ፣ ያንተ ፈትል ቋጠሮ ይበዛዋል ብላኛለች። ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ ስታማኝ ኖራለች!

አሁን ሰላምታ። ለእትዬ ዘነበች፣ የእግሯ ሕመም እንዴት ሆነ በይልኝ፤ የማንጎ ፍሬ ይዤላት እመጣለሁ፣ ዘሩን ግን ደጋ ላይ አይበቅልምና በከንቱ እንዳትተክለው። ለታረቀኝ ሚስት ለብርቄ፣ ይህን ሰውዬ ችለሽ ስለምትኖሪ እግዜር ዋጋሽን ይክፈልሽ። ለልጆቻቸው አንድ በአንድ ሳሚያቸው፤ ትልቁን ትምህርቱን ጠይቂልኝ። ለቄስ አምሳሉ፣ እጃቸውን እንደሳምኩ ንገሪልኝ። ከምንጩ በላይ ላሉት ለነአያ ገብሬ ቤተሰብ፣ ለላሚቱ ሳይቀር፣ እንደምን ሰነበታችሁ ብላለች በያቸው። ምንያህል እጅ ነስቷል፤ ሎዛ ደግሞ "አያቴ ትቆጣለች ወይ?" ብለሽ ጠይቂልኝ ብላለች።

እማዬ፣ ለጸሎተ ሐሙስ እደርሳለሁ። ቄስ አምሳሉ በቤተ ክርስቲያን የሰውን እግር ሲያጥቡ ውለው ይደክማሉ፤ ያንቺን ለእኔ ተዪልኝ። ሌላ ማንም እንዳይነካው። ምንጭ ወርጄ፣ በጀርባዬ አዝዬ አምጥቼ፣ ያንን ስንት ዓመት ያላየሁትን እግርሽን የማጥበው እኔ ነኝ።

ልጅሽ ሸዋሉል

አሶሳ፣ መጋቢት 24 ቀን 1989 ዓ.ም.